የጃዝ ሸክላ ለምን እንሰበስባለን?

(በተማሪዎች ማኅበር የባህል ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን የባህል ክፍል ስለ ጃዝ ሸክላ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቼ ነገሩ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ከእህል በረንዳ የመጣ ልጅ ስለ ጤፍ ዋጋ ቢናገር ያምርበታል እንጂ ስለ ጃዝ ምን አገባው? ያሉም አልጠፉም። ለእነዚህ ወዳጆቼ መልሴ ንግግሬ ራሱ ይሁን።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ፣ በተለይም ኢትዮ ጃዝ ብለን የምንጠራው ክፍሉ፣ አብዛኛው ታሪኩ ተጽፎ የሚገኘው በሸክላ ላይ ነው። ይህ መዝገብ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተበትኖ ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው። ስለዚህ ሸክላ ገዝቶ መደርደር ብቻ አይበቃም፤ አብሮ ማዳመጥና የሰሙትን መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይህም ከማንም ይልቅ ለተማሪ የሚገባ ሥራ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሸክላ በአገራችን

ድምፅን በመሣሪያ መቅረጽ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 በድምፅ የተቀረጸ መልእክት ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ልካ፣ እርሳቸውም በ1899 ድምፃቸውን አስቀርጸው መልሰውላታል። በ1908 ገደማ ደግሞ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር በርሊን ሳሉ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ በአሜሪካ የወጣው በ1917 መሆኑን ስናስታውስ፣ የኛ አገር ዜማ ከጃዝ ቀድሞ በሸክላ ላይ መውጣቱን እንረዳለን።

በዚያን ዘመን የነበረው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር፣ ከባድና ተሰባሪ ነበር። እንደ ጀበና ከእጅ ካመለጠ ስለሚሰበር ይመስለኛል ሕዝባችን ሸክላ የሚል ስም ያወጣለት። በ1948 በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረው ረጅም ሸክላ፣ በ1949 ደግሞ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአሜሪካ ወጡ። እነዚህ ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ስለ ሆኑ በቀላሉ አይሰበሩም፤ መሥመራቸውም ቀጭን በመሆኑ በአንድ ገጽ ብዙ ሙዚቃ ይይዛሉ። ነገር ግን ስሙ አልተለወጠም፤ እኛ ዛሬም ሸክላ እንላቸዋለን።

የነፋስ መሣሪያ ዕውቀትስ ከየት መጣ? አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶችን ለሙዚቃ ጓድ አምጥተው ነበር። ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን በኋላ የወንድማቸው ልጅ ኔርሲስ ናልባንድያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎችም ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፉ የኢትዮጵያ ልጆችን አፈሩ። ስለዚህ ጃዝ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የተቀበለው ባዶ ቤት አልነበረም።

ሆኖም እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱትን በሸክላ ማውጣት ቀላል አልነበረም። በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አቶ አምሐ እሸቴ የሚባሉ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ይህን ትእዛዝ ቸል ብለው በስማቸው የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውንም ሸክላ ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር አወጡ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ ረጃጅሞች አሳትመዋል። ከእርሳቸው ጎን ፊሊፕስ፣ ኋላም የአቶ አሊ አብደላ ካይፋ ኩባንያ ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በአብዛኛው የጥቂት ሰዎች የአሥር ዓመት ያህል ሥራ ነው።

ጃዛችን ከየት ወዴት?

አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 በጅማ ተወልደው፣ በእንግሊዝ አገር ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በቦስተን ከተማ በበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረዋል። በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን ሁለት ሸክላዎች አወጡ። በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»፣ በ1974 ደግሞ በአምሐ ኩባንያ በኩል «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ተከተሉ።

አቶ ሙላቱ የተጋፈጡት ችግር በአጭሩ ይህ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። የጃዝ ስምምነት ግን 12ቱንም ድምፆች ይጠቀማል። በአምስቱ ላይ 12ቱን ያለ ጥንቃቄ ቢያፈሱባቸው ቅኝቱ ይሰወራል፤ አንቺ ሆዬ አንቺ ሆዬነቱ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል። የእርሳቸው ብልሃት ዜማውን በቅኝቱ አስከብሮ፣ ከሥሩ የሚሄደውን ባዝ፣ ኪቦርድና ከበሮ ማስፋት ነው። ይህን ለመረዳት በ1972ቱ ሸክላ ላይ ያለውን «ኩሉን ማን ኳለሽ» መስማት ይበቃል። የሠርግ ዘፈን ስለ ሆነ ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ነገር ሲለወጥ ደግሞ ለውጡን ለመስማት አንቸገርም።

ስለ አቶ ጌታቸው መኩሪያ ሳልናገር ባልፍ ግን ወቀሳ ይገባኛል። እርሳቸው ሽለላን ከአርበኛ አንደበት ወስደው በሳክስፎን ማስጮኽ የጀመሩት ገና በ1950ዎቹ ነው። በ1972 በፊሊፕስ የወጣውን ረጅም ሸክላቸውን የሰሙ የውጭ አገር ሰዎች፣ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር በአሜሪካ ካመጡት ነጻ ጃዝ ጋር ያመሳስሉታል። ነገር ግን አቶ ጌታቸው የሄዱበት መንገድ የራሳቸው ነበር፤ መነሻቸውም ፉከራና ቀረርቶ ነው።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ። በጃዝ ውስጥ ዋናው ነገር ሙዚቀኛው የታወቀውን ዜማ ይዞ እዚያው መድረክ ላይ አዲስ ነገር መፍጠሩ ነው። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አዲስ ግጥም ይፈጥራል፤ ዜማውን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፤ ተመልሶም ወደ ቦታው ያገባዋል። ጃዝ የነጭ ወይም የባለጸጋ ሙዚቃ ነው የሚል ሰው የጃዝን አባቶች፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ካለማወቁ በላይ የገዛ አገሩን አዝማሪ አላዳመጠም ማለት ነው። ዱክ ኤሊንግተን በኅዳር 1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን በተቀበለና ከአቶ ሙላቱ ጋር በተገናኘ ጊዜ፣ አንድ ዘመድ ወደ ዘመዱ ቤት ገባ ብንል ያስኬዳል።

የሸክላው ዕጣ

ከ1974 በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋ፤ አቶ አምሐ በ1975 አገር ለቀው ወጡ። በ1977 ዋልያስ ባንድ «ጨ በለው» የተሰኘውን ረጅም ሸክላ አውጥቶ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ካሴት ሸክላን ፈጽሞ ተካው። የዋልያሱ የኦርጋን ተጫዋች አቶ ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ቀርተው በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድተዋል። በ1985 የሠሩት ካሴት በ2013 በውጭ አገር እንደገና ታትሞ ነው ወደ መድረክ የተመለሱት።

እንደገና የማሳተሙን ሥራ በሰፊው የያዘው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። «ኢትዮፒክ» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ ከ1997 ጀምሮ ሲያወጣ፣ የ1998ቱ አራተኛ ቅጽ የአቶ ሙላቱን ሙዚቃ የያዘ ነበር፤ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም «የከርሞ ሰው»ን ካሰማ በኋላ ደግሞ ዓለም ሁሉ ወደዚህ ሙዚቃ ዞረ። ለዚህ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ጥያቄው ለእኛ ነው፤ እርሱ የፈለጋቸውን ሸክላዎች ያገኘው በእኛ ቤት ውስጥ አይደለምን?

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ባደግሁበት በእህል በረንዳ አንድ የጤፍ ነጋዴ ጎረቤት ነበሩን፤ እኛ ልጆች ጋሼ ብለን ነው የምንጠራቸው። ከመደብሩ በስተጀርባ ባለችው ክፍል አንድ የሸክላ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሙሉ ትናንሽ ሸክላዎች ነበሯቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አንዱን ሸክላ በጠርዙ ይዘው ያወጣሉ። በሩን የሚዘጉት ሰው እንዳይገባ አልነበረም፤ የእህል ብናኝ እንዳይገባ ነው። ያ ብናኝ በሸክላው መሥመር ውስጥ ከገባ መርፌው እየፈጨው እንደሚሄድ ያስረዱን ነበር። እኛን ደግሞ ዝም ብለን እንድንቀመጥ አይፈቅዱልንም፤ ሙዚቃው ሲያበቃ ምን መሣሪያ እንደ ሰማን፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደ ገባ ይጠይቁናል። በገበያ ላይ ጆንያውን በብረት ወግተው ከመካከሉ ጥቂት ጤፍ አውጥተው በመዳፋቸው እንደሚመረምሩ፣ ሙዚቃውንም እንዲሁ ከመካከሉ ነው የሚመረምሩት።

እርሳቸው ካረፉ በኋላ ካርቶኑ ለቆራሌው ተሸጠ። የቤቱ ሰዎች ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ማጫወቻው ተበላሽቶ ነበር፤ ሸክላው ደግሞ ማጫወቻ በሌለበት ቤት ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው። ቆራሌው የሰበሰበው ብዙ ጊዜ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ ብረቱ ምድጃ፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። ሸክላ ግን ሌላ ነገር መሆን አይችልም። ወይ የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል፣ ወይ ይጣላል። የሚያውቀው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ የሚሸጠው ነው፤ ምክንያቱም በአውሮፓና በአሜሪካ አንዳንዱ የዚያ ዘመን ትንሽ ሸክላ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ቆራሌውንም ነጋዴውንም አልወቅስም። ዋጋውን ያላወቀ ባለቤት እያለ ገዢን መውቀስ ምን ይጠቅማል?

ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ይህ ሁሉ ዛሬ በስልካችን ውስጥ ይገኛል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ብዙው ይገኛል። ነገር ግን በስልካችን ያለው አንድ ሰው ሸክላውን አግኝቶ የገለበጠው ብቻ ነው። ያልተገለበጠው፣ በተለይም የትናንሾቹ ሸክላዎች ሁለተኛ ገጽ፣ ያለው በሸክላው ላይ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ሸክላው ዙሪያው ሁሉ ይናገራል፤ ወረቀቱ የኩባንያውን ስምና ቁጥር ይነግረናል፤ ከወረቀቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረው ቁጥር የትኛው ኅትመት እንደ ሆነ ይነግረናል። ይህ በስልክ ላይ አይመጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። አገሩ ስንት ችግር እያለበት፣ ገበሬውና ሸማቹ በእህል ዋጋ እየተጨነቁ፣ ተማሪ ሸክላ ሲሰበስብ ማየት አያሳፍርምን? ይላሉ። የዚህን ጥያቄ ክብደት ከእህል በረንዳ ልጅ የበለጠ የሚያውቅ አለ ብዬ አላምንም። ከኋላ ጆንያ የሚሸከሙትን፣ ቀኑን ሙሉ ሰፌድ ይዘው እህል የሚያበጥሩትን እናቶች እያየሁ ነው ያደግሁት። ሸክላ ለመኩራራት፣ በውድ ዋጋ ገዝቶ ለእንግዳ ለማሳየት ከሆነ በእርግጥ ያሳፍራል። ነገር ግን በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ያሉት ሙዚቀኞች አብዛኞቹ የወታደር ደመወዝተኞችና በሌሊት ቤቶች በትንሽ ክፍያ ያመሹ ሰዎች ነበሩ። በብዙዎቹ ትናንሽ ሸክላዎች ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም ተጽፏል፤ የሳክስፎኑ፣ የባዙና የከበሮው ባለቤት ግን አልተጻፈም። ስማቸውን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ እያለቁ ናቸው። አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ2016 ዐረፉ፤ አቶ አምሐ እሸቴና አቶ ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 ተከታትለው ሄዱ። የሠራተኛን ስም ከሥራው ጋር ማስቀመጥ ቅንጦት ነው የሚል ካለ እዚሁ ተነሥቶ ይናገር።

በሌላ አገር ወጣቶች ይህን አድርገውታል። በፓሪስ በ1932 የጃዝ ወዳጆች ክበብ ያቋቋሙ ወጣቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሻርል ደሎኔ በ1936 በየሸክላው ላይ ማን ምን እንደ ተጫወተ የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣ። አሜሪካውያን ራሳቸው የገዛ ሙዚቃቸውን ዝርዝር ከፈረንሳዊ እጅ ተቀበሉ ማለት ነው። በ1952 ደግሞ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው ማርሻል ስተርንስ በመኖሪያ ቤቱ የጃዝ ጥናት ተቋም መሠረተ፤ ስብስቡም በ1966 ለራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ። ክቡራን መምህራኖቻችን ይህን ሁለተኛውን ምሳሌ ልብ ይሉልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ አያያዝና ስለ አደማመጥ

በየቤታችሁ ሸክላ ያላችሁ ጥቂት ምክር ስሙኝ። ሸክላ በጠርዙ ይያዛል እንጂ ፊቱ አይነካም። እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አንዱን በሌላው ላይ መከመር ያጎብጠዋል። ከፀሐይና ከጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ይራቅ። ከቆሸሸ ንጹሕ ውሃና አንዲት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና ይዛችሁ፣ ወረቀቱን ሳታረጥቡ፣ በለስላሳ ጨርቅ መሥመሩን ተከትላችሁ አጽዱት። የድሮውን 78 ዙር ሸክላ ግን በአልኮል ከቶ አትንኩት፤ አልኮል ያሟሟዋል። ለቀጭን መሥመር የተሠራ መርፌም ለእርሱ አይሆንም። ያረጀ መርፌ ደግሞ ሸክላውን እንደ ማረሻ ያርሰዋልና መርፌ ለመግዛት አትሰስቱ።

አደማመጥን በተመለከተ አንድን ገጽ ሦስት ጊዜ ስሙ እላለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ዜማውን ብቻ ተከተሉ፤ ቅኝቱ ትዝታ ነው ወይስ ባቲ ብላችሁ ጠይቁ። በሁለተኛው ባዙንና ከበሮውን ብቻ ስሙ። በሦስተኛው ብቻውን የሚጫወተውን መሣሪያ ያዙ፤ ከዜማው የት ላይ እንደ ወጣ፣ የት እንደ ተመለሰ ልብ በሉ። ወሬና ሻይ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ

አንደኛ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ የማዳመጫ ሰዓት ይኑረን። ሸክላ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ጆሮውን ይዞ ይምጣ።

ሁለተኛ፤ ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ ካርድ ይዘጋጅ። በካርዱ ላይ የሁለቱም ገጽ ዘፈን፣ የዘፋኙና የባንዱ ስም፣ የኩባንያው ቁጥር፣ ከወረቀቱ ዙሪያ የተጫረው ቁጥር፣ ማን ምን መሣሪያ እንደ ተጫወተና ይህን ማን እንደ ነገረን ይጻፍ። ያልታወቀው ቦታ ባዶ ይቆይ፤ በግምት አይሞላ።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዳችን በሰፈራችን ያሉ አባቶችንና እናቶችን እንጠይቅ። ሸክላውን ስጡን አንበል። ካርዱን እንሙላ፤ ከፈቀዱልን ድምፁን ለጥናት እንገልብጥ፤ ሸክላው እዚያው በባለቤቱ ቤት ይቀመጥ። የሙዚቀኞች መብት በ2004 በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የተጠበቀ ስለ ሆነ ቅጂውን ከቶ አንሸጥም።

አራተኛ፤ የካርዶቹ ቅጂ ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጥ። በጥቅምት 2024 በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት በአንድ ሌሊት ስንት ዓመት የተለፋበትን ሀብት እንዳወደመ አይተናል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መዝገብ እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደህና ማጫወቻ፣ ጥቂት ካርድና የሚያዳምጡ ሰዎች ይበቁታል። ከመጪው የትምህርት ዘመን በፊት 50 ካርድ ብንሞላ፣ በ50ዎቹም ላይ የአንድ የተረሳ ሙዚቀኛ ስም ብቻ ብናገኝ፣ ያ ሰው በሕይወት ካለ ሄደን በሩን እናንኳኳለን፤ ካለፈም ልጆቹ አባታቸው ምን እንደ ሠራ ያውቃሉ።

ካርዶቹ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት እኔ ሞልቻለሁ። ስድስተኛውን ማን ይወስዳል?